ለውሻና ለድመት አንቲባዮቲክ መቼ ይታዘዛል? መቼስ አይታዘዝም?

ይህን የምጽፈው በተለይ የውሻና የድመት ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ለጀመራችሁ ሐኪሞች ነው። ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ ሰዎችም ብታነቡት ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ሐኪማችሁን ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ከቢሾፍቱም ተመረቅን ከጎንደር፣ አብዛኛው ትምህርታችን ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮና የጋማ ከብት ላይ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው የምታስነጥስ ድመት በካርቶን ይዞ ከች ይላል። እጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን)። ወይም ወደ ፔን-ስትሬፕ (ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበት መርፌ)። መደርደሪያው ላይ ያሉት እነሱ ናቸው፤ ባለቤቱም መርፌ ካላየ የታከመለት አይመስለውም። ድመቷ በሳምንቷ ትድናለች፣ ምስጋናው ለመርፌው ይሆናል። መርፌው ባይኖርም ትድን እንደነበር ማንም ልብ አይልም። ልማዱ የሚተከለው እንዲህ ነው።

ጣጣው ደግሞ በክሊኒኩ አያበቃም። አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮ፣ ሴፍትሪያክሶን ሰው የሚታከምባቸው መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ከውሻው ወደ ቤተሰቡ፣ ከቤተሰቡም ወደ ውሻው ይተላለፋል። ልጆች አብረውት የሚተኙ ቡችላ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው።

ስለዚህ "የትኛውን ልስጥ?" የሚለው ጥያቄ ይቆየን። ቀድሞ የሚመጣው "ባክቴሪያ አለ ወይ? ቢኖርስ ያለ አንቲባዮቲክ አይለቅም ወይ?" የሚለው ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ለመመለስ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጠይቁ፣ ግን አትፍረዱ

"መድኃኒት ሰጥታችሁታል?" ካላችሁ መልሱ "ኧረ ምንም!" ነው። "እስካሁን ምን ምን ሞከራችሁለት?" በሉ። ያን ጊዜ ከሰፈር ፋርማሲ የተገዛው አሞክሲሲሊን፣ ከጎረቤት የተገኘው ግማሽ ፍሬ፣ ባለፈው ወር ሌላ ቦታ የተወጋው መርፌ፣ ሁሉም ይወጣል። ማሸጊያውን በስልክ ፎቶ አንስተው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። በቅርብ ወራት አንቲባዮቲክ የወሰደ እንስሳ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ምርጫችሁን ይለውጠዋል። እግረ መንገዳችሁን ፓራሲታሞል ተሰጥቶ እንደሆነም ጠይቁ። ድመትን አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል፤ እንዲህ ያለች ድመት ስትመጣ አንቲባዮቲክ ፍለጋ የምታባክኑት ሰዓት የላችሁም።

ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ጥያቄ ነው፤ እኛ ሀገር ይህ አይታለፍም። ክትባቱን መቼ ወሰደ? ሰሞኑን ተነክሷል? ጠባዩ ተለውጧል? ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የታችኛው መንጋጋው የወደቀ ውሻ "ጉሮሮው ቆስሎ ነው" ወይም "አጥንት ሰንቅሮት ነው" ተብሎ ይመጣል። እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። ለዩት፣ ለሚመለከተው አሳውቁ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ለጉሮሮ ብላችሁ አሞክሲሲሊን አዝዛችሁ የሸኛችሁት ውሻ ይህ ቢሆንስ?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙዎቻችን የምንረሳው ነው፦ መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን ነው? ክሊኒክ ይዞት የመጣው ባለቤቱ ነው፣ ማታ የሚሰጠው ግን ዘበኛው ነው። ወይም ባለቤቷ ፊልድ ትወጣለች፣ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ውሻውን ትፈራዋለች። ይህን ሳታውቁ በቀን 3 ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ማዘዝ በከንቱ ነው። እዚያው ሆናችሁ ዘበኛውን በስልክ አነጋግሩት።

ደረጃ 2፦ ሚዛን

በዓይን ግምት መድኃኒት አይሰጥም። ጸጉራም ውሻ 40 ኪሎ መስሎ 25 ኪሎ ይሆናል፤ ወፍራም ፑግ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የእንስሳ ሚዛን ከሌላችሁ የሰው ሚዛን ይበቃል። ባለቤቱ ውሻውን አቅፎ ይቁም፣ 93 አለ እንበል። ብቻውን ሲቆም 68 ካለ ውሻው 25 ነው። ለድመት የሕፃናት ሚዛን ወይም የወጥ ቤት ሚዛን ይሻላል፤ ለ3 ኪሎ ድመት ግማሽ ኪሎ መሳሳት ትልቅ ስህተት ነው።

ትኩሳትንም በቴርሞሜትር እንጂ አፍንጫ በመንካት አትለኩ። የውሻም የድመትም ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው። ፈርቶ የሚንቀጠቀጥ እንስሳ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ረጋ ሲል ድገሙት። ደግሞም ትኩሳት ማለት ባክቴሪያ ማለት አይደለም። ቫይረስም ያተኩሳል፣ መዥገር ወለድ በሽታም ያተኩሳል።

ደረጃ 3፦ ስላይድ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ማይክሮስኮፕ ያለው ክሊኒክ ስላይድ (ናሙና የተቀባበት መስታወት) ሳያይ ለቆዳና ለጆሮ አንቲባዮቲክ ማዘዙ ሰበብ የለውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቆዳው ላይ መግል የቋጠረች ብጉር ካለች በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ክፈቷት፣ ስላይዱን ጫን አድርጋችሁ አንሱ። ቅርፊት ከሆነ ቅርፊቱን አንስታችሁ ሥሩ ያለውን እርጥብ ቦታ ንኩ። ጆሮ ከሆነ በጥጥ እንጨት ወስዳችሁ ስላይዱ ላይ አንከባሉት። ይድረቅ፣ ቀለም ይቀባ፣ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በ100 ሌንስ እዩ።

የምትፈልጉት ነጭ የደም ሕዋሳትን፣ በውስጣቸውም የዋጡትን ባክቴሪያ ነው። ክብ ክብ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሕዋሱ ውስጥ ከታዩ እውነተኛ ኢንፌክሽን ነው። ውሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ሱዶኢንተርሚዲየስ የሚባለው ነው። ባክቴሪያ አለ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ግን የለም? ቆዳ ላይ ሁልጊዜም የሚኖር ሊሆን ይችላል፤ ማጠብ ይበቃዋል። እንደ ኦቾሎኒ ወገቡ የጠበበ፣ ሐምራዊ ነገር ከበዛ ማላሴዚያ ነው፤ እርሾ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። በትር የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ካያችሁ ቆም በሉ፣ ይህ ካልቸር (ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ማየት) ይፈልጋል።

የሚያሳክከው እንስሳ ከሆነ የቁንጫ ማበጠሪያም ያዙ። ከጅራቱ ሥር አበጥሩ፣ የወጣውን ጥቁር ትቢያ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉ። ዙሪያው ቀይ እየሆነ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ቀዩም የተፈጨ ደም ነው። ይህን ለባለቤቱ አሳዩት። አሥር ደቂቃ ከማስረዳት ያቺ ሶፍት ትበልጣለች።

ደረጃ 4፦ የመጣበትን ችግር ለይቶ መወሰን

የምታስነጥስ ድመት፣ የሚያስል ውሻ። ድመት ላይ አብዛኛው ሄርፐስ ወይም ካሊሲ ቫይረስ ነው። የምትበላ፣ የማታተኩስ፣ ንቁ የሆነች ከሆነች እስከ 10 ቀን መጠበቅ ይቻላል። አፍንጫዋን በሞቀ ውኃ በራሰ ጥጥ መጥረግ፣ ምግቧን ትንሽ ሞቅ አድርጎ ማቅረብ (ሽታ ካልገባት አትበላም)፣ በቃ። ውሻም እንዲሁ ነው፤ ሌሎች ውሾች ባሉበት ውሎ የመጣና የሚያስል፣ ግን ደስተኛ የሆነ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ በራሱ ይሻለዋል። ትኩሳት፣ ድብርት፣ ምግብ መተው፣ ወፍራም መግል የመሰለ ፈሳሽ ሲመጣ ያን ጊዜ ዶክሲሳይክሊን፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን። አተነፋፈሱ የከበደ ከሆነ ግን ሳንባ ሳይታይ እንዳይሄድ። ያልተከተበ ቡችላ ዓይኑም አፍንጫውም መግል ካለው ዲስቴምፐር የሚባለውን የውሻ ቫይረስ አስቡ።

ስለ ዶክሲ አንድ ነገር፦ ካፕሱሉ ድመት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የምግብ ቧንቧዋን ያቆስላል፣ ሲድን ያጠበዋል። ከሰጣችኋት በኋላ በሲሪንጅ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ አስከትሉ ወይም ምግብ አስበሏት። ወተት ውስጥ ደብቆ መስጠትም ይቅር፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል። የተቀቀለ ጉበት ይሻላል።

ተቅማጥ። እዚህ ላይ የሜትሮኒዳዞል ፍቅራችን መላ ቅጡ ጠፍቷል። በድንገት ተቅማጥ የያዘው፣ ሌላ ነገር የሌለው ውሻ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። በ2024 የወጣው የኤኖቫት (የእንስሳት አንቲባዮቲክ አጠቃቀም ላይ የሚሠራ የአውሮፓ መረብ) መመሪያም ቀላልና መካከለኛ ለሆነው እንዳይሰጥ ነው የሚመክረው። ደም አለው ብሎ ብቻ እንኳ መጀመር የለበትም። ፈሳሽ፣ ቀለል ያለ ምግብ፣ የሰገራ ምርመራ ይበቃዋል። ሜትሮኒዳዞል የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ለመመለስም ሳምንታት ይፈጃል። ሠርግ ቤት የተረፈ ቅባት በልቶ ያስቀመጠው ውሻ ጦም ቢውል፣ ውኃ ቢያገኝ፣ ነገ ሩዝ በዶሮ ቢበላ ይነሳል።

ፓርቮ የሚባለው የቡችላ ቫይረስ ግን ሌላ ነው። አንጀቱ ተልጦ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ወርዶ፣ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባበት ቡችላ ነው። ለእሱ አምፒሲሊን በደም ሥር መስጠት ተገቢ ነው። እዚያም ቢሆን ሕይወቱን የሚያተርፈው በዋናነት ፈሳሹ ነው።

ሽንት። ይህን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም በድመት ላይ ያለምክንያት ከሚታዘዘው አንቲባዮቲክ ብዙው እዚህ ነው። ወጣት ድመት፣ ቶሎ ቶሎ የሽንት ሳጥኗ ላይ የምትቀመጥ፣ ደም የቀላቀለ ትንሽ ትንሽ ሽንት የምትሸና። ሁላችንም "ኢንፌክሽን" እንላለን። ከ10 ዓመት በታች በሆነ ድመት ላይ ግን ባክቴሪያ የሚገኘው በጣም ጥቂቱ ላይ ነው። አብዛኛው ከጭንቀት ጋር የተያያዘ የፊኛ መቆጣት ነው፤ አዲስ ድመት ቤት ገብቷል፣ ግንባታ ተጀምሯል፣ ቤት ተቀይሯል። የሚያስፈልጋት የሕመም ማስታገሻ፣ ብዙ ውኃ፣ ንጹሕ ሳጥንና ጸጥ ያለ ቦታ ነው። አንቲባዮቲክ ተሰጣትም አልተሰጣትም በሳምንት ገደማ ይሻላታል፤ ለዚህ ነው መድኃኒቱ የሠራ የሚመስለን።

ወንድ ድመት ከሆነ ግን እንዳትዘናጉ። የሚያምጥ፣ የሚጮህ፣ ጠብታ የማይወጣው፣ ሆዱን ስትነኩ ፊኛው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ከሆነ ቧንቧው ተዘግቷል። የሰዓታት ጉዳይ ነው። ካቴተር (ቀጭን የሽንት ቱቦ) እንጂ አንቲባዮቲክ አይከፍተውም።

ውሻ ላይ፣ በተለይ ሴት ውሻ ላይ፣ የፊኛ ኢንፌክሽን በእርግጥ አለ። ሽንቱን ከፊኛ በመርፌ ብትወስዱት ይመረጣል። ያልመከነች ሆና ከ1 ወይም 2 ወር በፊት ወንድ ፈልጋ ከነበረ፣ አሁን ብዙ የምትጠጣና ፈሳሽ ያላት ከሆነች ግን መርፌ እንዳትከቱ። ማኅፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። የሽንቱን ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ እዩ። የሰው የሽንት ስትሪፕ ላይ ያለው የነጭ ሕዋስ ምልክት ለውሻና ለድመት አይታመንም፤ እሱን አይታችሁ አትወስኑ። ባክቴሪያም ነጭ ሕዋስም ካለ፣ ምልክትም ካለ፣ አሞክሲሲሊን በኪሎ ከ11 እስከ 15 ሚሊ ግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። አዎ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። 14 ቀን የሚባለው አሮጌ ልማድ ነው፤ የ2019ኙ ዓለም አቀፍ የሽንት ቧንቧ መመሪያ ያሳጠረው ሆን ብሎ ነው። ባክቴሪያ ተገኝቶ ምልክት ከሌለ ደግሞ አይታከምም። ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ ከሆነ ፕሮስቴቱን ፈትሹ፣ የእሱ ነገር ይለያል።

ቆዳ። ስላይዱ ባክቴሪያ አሳይቷል እንበል። ላይ ላዩን ከሆነ በክሎርሄክሲዲን ማጠብ ብቻውን ያድነዋል፤ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ አረፋው 10 ደቂቃ ይቆይበት። 10 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰው በ1 ደቂቃ ያለቀልቀዋል፤ ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉ በሏቸው። ሰፊ ቦታ ከያዘ ወይም ማጠብ ካልተቻለ ሴፋሌክሲን በኪሎ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ከዚያ በ2 ሳምንት ውስጥ እንደገና ማየት። የሚደጋገም ከሆነ ግን ባክቴሪያው ሎሌ ነው፣ ጌታው ሌላ ነው። ቁንጫ፣ እከክ፣ ዴሞዴክስ (በዓይን የማይታይ የቆዳ ተባይ)፣ አለርጂ። ጌታውን ሳታባርሩ ሎሌውን ብታባርሩት ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስም መድኃኒቱን ለምዶ ይመጣል።

ንክሻና መግል የቋጠረ እብጠት። ድመቶች ተጣልተው ከ3 ቀን በኋላ ጉንጭ ወይም የጅራት ሥር ያብጣል። ጸጉሩን ላጩ፣ ዝቅ ካለው ቦታ ክፈቱ፣ መግሉን አውጡ፣ በኖርማል ሳላይን ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ቀዳዳው ቶሎ እንዳይዘጋ አድርጉ። የማታተኩስ፣ የምትበላ ከሆነች ብዙ ጊዜ ይኸው ሕክምናዋ ነው። ትኩሳት ካለ፣ ዙሪያው ከቀላና ከተስፋፋ፣ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔት ጨምሩ። ሳይከፈት የተሰጠ አንቲባዮቲክ ግን መግል ውስጥ አይገባም። ማን እንደነከሳትም መዝግቡ፤ የእብድ ውሻ ጥያቄ እዚህም አለ።

ቀዶ ሕክምና። ንጹሕ የማምከን ቀዶ ሕክምና ከተሠራ በኋላ የ5 ቀን መርፌ አያስፈልግም። ይህን ስል ቅር የሚለው አይጠፋም። መሣሪያው በአውቶክሌቭ ካልመከነ፣ እጅ በሥርዓት ካልታጠበ፣ አንቲባዮቲክ ያንን አይተካም። ቀዶው ረዘም ይላል ወይም ይበከላል ብላችሁ ከሠጋችሁ ከመቅደዳችሁ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ሴፋዞሊን በኪሎ 22 ሚሊ ግራም በደም ሥር ስጡ፣ ከተራዘመ በየ90 ደቂቃው ድገሙ፣ ሲያልቅ ያብቃ።

መዥገር። የሚያተኩስ፣ ዕጢው ያበጠ፣ የሚነስረው፣ ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) የወረደ ውሻ ኤርሊኪያ የሚባለው መዥገር ወለድ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ዶክሲ በቀን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ለ28 ቀን ይሰጣል፤ ረጅም ጊዜ ትክክል ከሚሆንባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። አዲስ የያዘው ከሆነ ብዙውን ጊዜ በ2 ቀን ውስጥ ይነቃል። ካልነቃ ቤቢዚያን (ሌላ መዥገር ወለድ በሽታ) አስቡ፤ ዶክሲ ብቻውን አያድነውም። አንድ መዥገር ስለተገኘበት ብቻ ግን ዶክሲ አይጀመርም፤ መዥገሩ ይነቀል።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱን መምረጥ

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የእንስሳት አንቲባዮቲኮችን በ4 ምድብ ከፍሏቸዋል። ዲ የሚባለው መጀመሪያ የሚሞከረው ነው፤ ተራ አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲ፣ ትራይሜቶፕሪም-ሰልፋ እዚህ ናቸው። ሲ ላይ አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔትና ሴፋሌክሲን አሉ። ቢ ላይ እነ ኤንሮፍሎክሳሲን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሴፎቬሲን አሉ፤ ካልቸር ሳይሠራ መንካት የለብንም። ኤ ላይ ያሉት፣ ለምሳሌ ካርባፔኔሞች፣ ለሰው የተጠበቁ ናቸው፤ እርሷቸው። ይህን ዝርዝር አትማችሁ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ለጥፉት።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የሰው መድኃኒት ስለሆነ ስሌቱን ልብ በሉ። አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔት በኪሎ 12.5 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ነው። ለ25 ኪሎው ውሻ 312.5 ይመጣል፤ የባለ 625 ግማሽ ፍሬ ማለት ነው። ለ4 ኪሎ ድመት 50 ይመጣል፤ ከባለ 312ቱ ሽሮፕ (በ5 ሚሊ ሊትር 312.5 ሚሊ ግራም ካለው) 0.8 ሚሊ ሊትር። የሰው ሽሮፕ ስትጠቀሙ ጀርባውን አንብቡ፤ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት ለውሻ መርዝ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹም አሉ። ኤንሮፍሎክሳሲን ድመት ላይ በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም ካለፈ ዓይነ ስውር ሊያደርጋት ይችላል፤ በማደግ ላይ ያለ ቡችላን ደግሞ መገጣጠሚያውን ይጎዳል። የሰው ሲፕሮ ፍሬ ውሻ ሆድ ውስጥ አንዱ ላይ ይመጠጣል አንዱ ላይ አይመጠጥም፤ አትመኩበት። ትራይሜቶፕሪም-ሰልፋ የውሻን እንባ ሊያደርቅ ይችላል። ፔን-ስትሬፕ ውስጥ ያለው ስትሬፕቶማይሲን የድመትን ጆሮና ሚዛን ይጎዳል። ለበሬ የተሠራውን ባለ 20 በመቶ ኦክሲ ደግሞ ለበሬ ተዉለት።

ካልቸር ውድ ነው ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ለሁሉም አልልም። ግን ኢንፌክሽኑ ከተደጋገመ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ካልሠራ፣ ቆዳው በጥልቀት ከቆሰለ፣ ኩላሊት ከተነካ፣ ስላይዱ በትር ካሳየ ግድ ነው። አጠገባችሁ ካለ የሰው ላቦራቶሪ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ናሙናው ከምን እንስሳና ከየት እንደተወሰደ ጻፉላቸው፣ ከመድኃኒቱ በፊት ውሰዱ።

ደረጃ 6፦ ባዶ እጁን የሚመለሰውን ሰው ማነጋገር

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፣ ሕክምናው ራሱ ይቀላል። እትዬ ከኮተቤ ድረስ ላዳ ተኮናትረው መጥተዋል። "ዶክተርዬ፣ ታዲያ ምንም ሳትወጋት ልመለስ?" ይላሉ። "አያስፈልጋትም" ብላችሁ ብትዘጉት ወጥተው ፋርማሲ ይገባሉ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "እትዬ፣ የያዛት ቫይረስ ነው፣ መርፌው እሱን አይገድለውም፣ ሆዷን ነው የሚያበላሸው። ዛሬ የምናደርግላት ይኸውና…" ከዚያ የሚደረገውን ዘርዝሩ። በዓይናቸው የሚታይ ነገር ሥሩ፤ አፍንጫዋን ጥረጉላት፣ ሙቀቷን ለክታችሁ ቁጥሩን አሳዩዋቸው።

ከዚያ ወረቀት ስጡ። ማዘዣ የመሰለ፣ ግን መድኃኒት የሌለበት። የብሪታንያ ትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እንዲህ ያለ ቅጽ አለው፤ እኛም በአማርኛ ማዘጋጀት እንችላለን። ምን እንደያዛት፣ አንቲባዮቲክ ለምን እንዳልታዘዘ፣ ቤት ምን እንደሚደረግ፣ ምን ካዩ ወዲያው እንደሚመልሷት፣ ከታች ስልካችሁ። ሰው ወረቀት ይዞ ሲወጣ እንደታከመለት ይሰማዋል። ለምርመራው ማስከፈልም ነውር አይደለም፤ ገቢያችሁ መርፌው ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ መርፌ መውጋታችሁ አይቀርም።

አንቲባዮቲክ ለሚያስፈልገው ደግሞ ማዘዣው ላይ "ለውሻ" ወይም "ለድመት" ብላችሁ ክብደቱን ጻፉ፤ የሰው ፋርማሲ በስህተት የሕፃን መጠን እንዳይቀይርባችሁ። "በቀን 2 ጊዜ" ብቻ አይበቃም፣ "ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት" በሉ። የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ። የተቀላቀለ ሽሮፕ ፍሪጅ ይቀመጣል፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ከ7 እስከ 10 ቀን በላይ አይቆይም። የተረፈ ፍሬ ካለ ይመልሱላችሁ፤ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ለሚቀጥለው ውሻ ወይም ለልጁ ጉንፋን ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ክትትል

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ደውሉ። ካልተሻለው ወደሚቀጥለው ከባድ መድኃኒት ከመዝለላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ በእርግጥ ዋጠው? ስንት ፍሬ ቀረ? ይቆጥሩላችሁ። ከ10ሩ 9 ቀርቶ ከሆነ መድኃኒቱ አልከሸፈም፣ አልተሰጠም። በትክክል ተሰጥቶ ካልሠራ ምርመራችሁ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ስላይዱ ተመለሱ፣ ካልቸር ውሰዱ። መድኃኒት በመድኃኒት ላይ መደረብ አይሆንም።

የወሰናችሁበትን ምክንያት መዝገቡ ላይ በአንድ መስመር ጻፉ። "ስላይድ፦ ሕዋስ ውስጥ ክብ ባክቴሪያ፣ ሴፋሌክሲን፣ 14 ቀን፣ ቀጠሮ…" ያህል ይበቃል። በየወሩ መጨረሻ አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸውን የመጨረሻ 20 እንስሳት መዝገብ አውጥታችሁ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ። ምክንያት ያልተጻፈላቸውን ለዩ። አብዛኞቹ የሚያስነጥሱ ድመቶችና ተቅማጥ የያዛቸው ውሾች ከሆኑ፣ የሚቀጥለውን ወር ከእነሱ ጀምሩ።